ፊላ የሌለው ሐይቅ

ባለፈው ሳምንት፣ እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ተማሪ ስልኳን ስትነካካ ዓይኔ አረፈበት። የሙዚየም ስዕሎች ናቸው። የትምህርት ቤት ሥራ እንደሆነ ነገረችኝ። በአውራ ጣቷ ገፋ ስታደርግ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል። የግብፅ መቃብር፣ የጣልያን መላእክት፣ ወተት የሚቀዱ ሴቶች፣ ፈረሶች። መድኃኒቷን አዘጋጅቼ እስክሰጣት ድረስ ሦስት ሺህ ዓመት አለፈች። "ቆይ እስቲ፣ ያንን መልሺው" ልላት ፈልጌ ተውኩት። ከኋላዋ የቆሙት ሰዎች እያዩኝ ነበር።

በእኛ ጊዜ ስዕል እንዲህ አይሮጥም ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ፎቅ ሥር ስድስት ኮምፒውተሮች ያሉት ኢንተርኔት ቤት ነበረ። ስዕሉ ከላይ ወደ ታች፣ እንደ መጋረጃ በጥቂት በጥቂቱ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ከዚያ የሰውዬው ግንባር። ግንባሩ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ስንቱን የተከበረ ሰው ያለ አገጭ ትቼው ወደ ቤቴ እንደሄድኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ኮሌጅ እስክገባ የምጠብቅበት ክረምት ነበር። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ከስሜ ጋር ግን ተስማምተን አናውቅም። ያን ክረምት ደግሞ ባሰብኝ። ቤት ስቀመጥ መንገዱ ይጠራኛል፣ መንገድ ላይ ስወጣ የምሄድበት አይታወቀኝም። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። እሷ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ፋርማሲ እንድማር ቁርጥ አድርጋ ወስናለች። እኔም አልተቃወምኩም። የምቃወምበት የራሴ ሐሳብ ኖሮኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ከስዕሎቹ ጋር ያገናኘኝ የክፍል ጓደኛዬ የሌሊሴ ወንድም ነው። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ አንድ የውጭ አገር ሙዚየም ድረ ገጽ ከፈተልኝና ወደ ራሱ ጉዳይ ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። አንዱ ስዕል ወደ ሌላው፣ አንዱ ዘመን ወደ ሌላው እየመራኝ ሳምንታት አለፉ። ሰው ፊት ላይ ጥላ መሳል የተጀመረው መቼ እንደሆነ፣ ሰማያዊ ቀለም ለምን ውድ እንደነበር፣ በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነበብኩ። ከዚያ አንድ ቀን መፈለጊያው ላይ "አቢሲኒያ" ብዬ ጻፍኩ።

የወጣው አንድ አሮጌ የውሃ ቀለም ስዕል ነበር። ሐይቅ ነው። ከፊት ለፊት ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ቆሟል፤ ድንጋዩ አጠገብ ጀርባውን የሰጠን በትር የያዘ ሰው አለ። ውሃው ላይ ቀጭን ሮዝ መስመር ተዘርግቷል። ማዶ አንድ ጎኑ በቢላ የተቆረጠ የሚመስል ተራራ። ሥሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ "ሐይቅ፣ አቢሲኒያ። ቦታው አልታወቀም" ይላል።

ተራራውን አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለአክስቴ ሠርግ ሻሸመኔ ስንሄድ በአውቶቡሱ መስኮት አይቼዋለሁ። የት ጋ እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ስሙ የተረሳ ሰው ፊት ለፊትህ ቆሞ ሰላም ሲልህ የሚሰማህን ታውቃለህ፤ እኔ እንደዚያ ሆኜ ሦስት ሳምንት ከረምኩ። ስዕሉን በጥቁርና ነጭ አሳተምኩት። ቀለሙ እንዳይረሳኝ በእስክሪብቶ "እዚህ ሮዝ"፣ "እዚህ ግራጫ"፣ "ይኼ አረንጓዴ አይደለም" እያልኩ ላዩ ላይ ጻፍኩበት።

የኮሌጁ ምዝገባ የሚዘጋው ከመስቀል በኋላ ባለው ዓርብ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሌሊሴን ይዤ ተነሳሁ። ለእናቴ አዳሚ ቱሉ የሌሊሴ አክስት ጋ ደርሰን እንደምንመለስ ነገርኳት። "ነገ ምዝገባ አለሽ" አለችኝ።

ዝናቡ ገና መቆሙ ነበር። ከሞጆ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኝ አደይ ለብሷል። ዓለም ጤና ላይ ሚኒባሱ ሽንኩርት የተቆለለበት መኪና እስኪያልፍ ቆመ፤ ጠረኑ እስከ መቂ አብሮን መጣ። መቂ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዝተን እየበላን እያንዳንዱን ኮረብታ ከወረቀቴ ጋር አስተያያለሁ። ሌሊሴ በመጨረሻ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ተቀመጠችበት።

በሻሸመኔ መንገድ ያለ ሐይቅ ሲባል መጀመሪያ የታሰበኝ ዝዋይ ነበርና፣ እንደደረስን በቀጥታ ወደ ሐይቁ ወረድን። ዳርቻውን ይዘን ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ ሄድን፤ የተሰነጠቀ ድንጋይም ሆነ የተቆረጠ ተራራ የለም። አንድ ዓሣ የሚበልት ጎልማሳ ሰው ከሩቅ ሲያየን ቆይቶ ምን እንደጠፋን ጠየቀን። ወረቀቱን ሰጠሁት። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ያዘው።

"ይኼ የኛ ሐይቅ አይደለም" አለ።

"እንዴት አወቁ፣ ጋሼ?"

"ፊላው የታለ?" ወደ ዳርቻው በአገጩ አመለከተ። እውነትም ዝዋይ ዙሪያውን ውሃ ውስጥ የበቀለ ፊላና ደንገል ነው። "ይኼ ዳሩ ራቁቱን ነው። ፊላ የሚጠላው መራራ ውሃ ነው። ሮዝ ብለሽ የጻፍሽው ደግሞ ምን መሰለሽ?"

"የፀሐይ መጥለቂያ።"

"ወፍ ነው። አቢጃታ ሂጂ።"

መሽቶ መንገድ ላይ እንዳንቀር ፈራን። ለእናቴ ደውዬ አዳሚ ቱሉ እንደማድርና በጠዋት እንደምመጣ ነገርኳት። "በጠዋት" አለች። "በጠዋት" አልኳት።

ዓርብ ጠዋት የሌሊሴ አክስት ቁርስ አብልታ ሸኘችን። አስፋልቱ ዳር ቆምን። በዚህ በኩል ወደ አዳማ የሚሄደው ይቆማል፤ በወዲያኛው በኩል ወደ ቡልቡላ የሚወርደው። ሌሊሴ ታየኛለች። ለምዝገባው እደርሳለሁ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ ሰዓቱን አውቀዋለሁ፣ መንገዱንም አውቀዋለሁ። አስፋልቱን ተሻገርኩ።

"አንቺ ልጅ፣ እናትሽ…" አለች ሌሊሴ፤ ተከትላኝ ግን ተሻገረች።

ከቡልቡላ ወጣ ብለን ወረድንና በእግር ተጓዝን። ተራራው አንድ የግራር ጫካ ስናልፍ ድንገት ብቅ አለ፤ የተቆረጠ ጎኑ ሳይቀር። ውሃው ጋ ለመድረስ ግን ነጭ፣ ጨው የመሰለ ሜዳ ማቋረጥ ነበረብን፤ ሲረገጥ እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰበራል። ዳርቻው ላይ ቆሜ ወረቀቱን ከፍ አደረግሁ። አልገጠመም። ተራራው በጣም ትልቅ ነው። ድንጋይ የለም። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ወደ ቀኝ ሄድኩ። ሌሊሴ ሰዓቷን አየች።

ሜዳው ላይ ከብቶቻቸው የሚልሱትን ጨዋማ የቦሌ አፈር በጆንያ የሚሞሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሌሊሴ ቀርባ "አካም ቡልተኒ" ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ስማቸው ኦቦ ገመዳ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ተነስተው ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው መሄድ ጀመሩ። እንደተሳሳቱ ቢመስለኝም ተከተልኳቸው።

ብዙ ሄድን። ውሃው ከኋላችን ቀጭን መስመር ሆነ። ደረቁ ሜዳ መሐል፣ አፈር የበላው፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ድንጋይ ጋ ቆሙ። ዞር ብዬ ወረቀቱን አነሳሁ። ተራራው ልክ ቦታው ላይ ገባ።

"በልጅነቴ ውሃው እዚህ ነበር" አሉ፤ ሌሊሴ ተረጎመችልኝ። "እዚህ ድንጋይ ላይ ወጥተን እንዘል ነበር። ሸሸ። በየዓመቱ ይሸሻል።"

ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ፣ በትር የያዘው ሰው ጀርባ ላይ አሳረፉ። "ይኼ ማነው?"

አልተጻፈም አልኳቸው።

"የሳለው ሰው ስሙን አልጠየቀውም ማለት ነው" አሉና ወረቀቱን መለሱልኝ።

አዳማ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። እናቴ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የትምህርት ማስረጃዬና አራት ጉርድ ፎቶግራፎቼ ተደርድረዋል። ከሥራ አስፈቅዳ፣ በእኔ ፈንታ ላስመዝግብ ብላ፣ ኮሌጁ በር ላይ እስኪዘጋ ቆማለች። ተመዝጋቢዋ ራሷ ካልመጣች አይሆንም ብለዋታል።

"አሞሽ ነው?" አለችኝ።

"አይ።"

"መኪና ጠፍቶ ነው?"

አዎ ብል ይበቃ ነበር። "አይ፣ እማዬ። ሐይቁን አገኘሁት" አልኳት።

ተነስታ ፎቶግራፎቹን ፖስታ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ወር ያህል "እንጀራው እዚያ አለልሽ" ከመሰለ ነገር ሌላ አልተነጋገርንም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዓመቱ እንዲሁ ቀለጠ። በኮምፒውተር ጸሐፊነት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ፤ እኩዮቼ ደብተር ይዘው በፊቴ ሲያልፉ አንገቴን እደፋለሁ። በምሳ ሰዓት ግን ለሙዚየሙ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። ድንጋዩን፣ የፊላውን ነገር፣ የወፎቹን፣ ኦቦ ገመዳ የነገሩኝን ሁሉ። የላክሁት ከስንት ጊዜ እርማት በኋላ ነው።

መልሱ የመጣው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው። አጭርና ጨዋ ነበር፤ መግለጫውን እንዳስተካከሉ ይገልጻል። ለእናቴ ልንገራት አልንገራት ስል ዋልኩና እራት ላይ ነገርኳት። እያኘከች ሰማችኝ። በማግስቱ ከሥራዋ ወጥታ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

"የታለ፣ አሳዪኝ" አለች።

ኢንተርኔት ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ሰማዩ ወረደ፣ ተራራው ወረደ፣ ሮዙ ወረደ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ እስከ ታች ደረሰ። እናቴ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ ብላ ብዙ አየችው።

"እዚህ ታች ምን ይላል?"

"'ምናልባት አቢጃታ ሐይቅ፣ ኢትዮጵያ።'"

ፊቷ ተለወጠ። "ምናልባት ምንድን ነው? ቆመሽበት የለ እንዴ?"

"ቆሜበታለሁ።"

"ታዲያ ጻፊላቸዋ።"

በሚቀጥለው መስከረም በመጀመሪያው የምዝገባ ቀን፣ በር ሳይከፈት ሄጄ ተመዘገብኩ። ይኸው ፋርማሲ ተምሬ አሁንም አዳማ ነኝ። ሌሊሴ መቂ አግብታ ልጆቿን ታሳድጋለች። አቢጃታ ተመልሼ አልሄድኩም፤ ውሃው ከዚያም ወዲያ እንደሸሸ የሚያልፉ ሰዎች ይነግሩኛል፤ ኦቦ ገመዳ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ያን ዓርብ ስላደረግሁት ለመጸጸት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። የእናቴ ኮሌጁ በር ላይ መቆም ዛሬም ያመኛል፤ አስፋልቱን መሻገሬ ግን አያመኝም። ሁለቱ እንዴት አንድ ልብ ውስጥ እንደሚኖሩ አልገባኝም፤ ይኖራሉ።

ለሙዚየሙ ደግሜ ጻፍኩ፤ ከዚያም በኋላ ደግሜ ጻፍኩ። ሥራ ካልያዘኝ፣ እሑድ ከሰዓት ያንን ገጽ እከፍታለሁ፤ "ምናልባት" የምትለዋ ቃል እስካሁን እዚያው አለች። እናቴ ጡረታ ወጥታ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከወዲያኛው ክፍል፣ "መለሱልሽ?" ትለኛለች።

"ገና ነው፣ እማዬ።"

"እንግዲያው ድገሚ" ትላለች። እኔም እደግማለሁ።