ወረቀት የማይሰጥ አልትራሳውንድ

ንጋት 12 ሰዓት፣ እንጅባራ

ጉሙ አስፋልቱን ውጦታል። ትናንት ማምሻውን ከዳንግላ ሆስፒታል ተደውሎልኝ ነበር፤ ያለጊዜው የተወለደ የዘጠኝ ቀን ሕፃን ሆዱ ተነፍቷል፣ አረንጓዴ ያስታውከዋል። ኦክስጅን ላይ ስለሆነ ወደ ራጅ ክፍል አይወሰድም። አልጋው ድረስ የሚሄድለት ትንሹ አልትራሳውንድ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ከመሸ ግን መኪና የለም። አሁንም ማሽኑን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ።

1 ሰዓት ተኩል፣ አዲስ ቅዳም

የከሰል ማዳበሪያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሁለት ሰው ለማውረድ ቆመን ሦስት ተሳፋሪ እስኪገኝ ተገተርን። ሕፃን እየሞተ ነው አልሁት ሾፌሩን።

«አምቡላንስ አይደለም እኮ የያዝሁት፣ ዶክተር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ግን ተናደድሁ።

3 ሰዓት፣ ዳንግላ

እናትየው ዓለምነሽ ትባላለች፤ ከፋግታ ገጠር የመጣች የመጀመሪያ ወላድ ናት። አርባ ቀኑ ገና ስለሆነ ልጁ ስም የለውም። ማሽኑ ላይ «የዓለምነሽ ልጅ» ብዬ ጻፍሁ። ጄሉን በመዳፌ አሙቄ ሆዱን ቀባሁት።

ስክሪኑ ሲበራ ፊቷ ፈካ። ነፍሰ ጡር ሳለች በአልትራሳውንድ ታይታ፣ ደህና ነው ተብላ፣ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይዛ ቤቷ ገብታ ነበር። ለእሷ ስክሪን የምሥራች የሚነገርበት ነው።

ጤነኛ አንጀት ይላወሳል፤ ደም ሲደርሰውም ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይታያል። የዚህ ልጅ አንጀት ዝም ብሏል። ግድግዳው ሳስቷል፣ ቀለም የለውም፣ ዙሪያውን ድፍርስ ውኃ ቋጥሯል። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ባሕር ዳር ነው።

«ይኸው፣ ይንቀሳቀሳል» አለችኝ። የምታየው ትንፋሹን ነበር።

ቁጭ ብዬ እውነቱን ነገርኋት። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ወረቀቱንስ አይሰጡኝም?»

ይህኛው ወረቀት አያወጣም አልኋት።

5 ሰዓት

ባሕር ዳር የሚወስደው አምቡላንስ በር ላይ ቆሞ ኦክስጅኑ ሲዘጋጅ ልጁ አረፈ። አርባ ደቂቃ ቀድሜ ብደርስ ይተርፍ ነበር? አንጀቱ ከሌሊት ጀምሮ የሞተ ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ አላውቅም። ዓለምነሽ በነጠላዋ ጠቅልላው ስትወጣ አጠገቤ ቆም አለች።

«እዚያ ውስጥ ያለውን አያጥፉብኝ።»

11 ሰዓት፣ እንጅባራ

በመልሱ ጉዞ ሚኒባሱ ወዲያው ሞላ። ቤት ገብቼ ማሽኑን ቻርጅ ላይ ሰካሁት። የምስል ማኅደሩ ሞልቷል፤ ለነገ ቦታ ያስፈልጋል። የድሮዎቹን አንድ በአንድ አጠፋሁ። «የዓለምነሽ ልጅ» የሚለውን አልነካሁትም። ሌላ ፎቶ የለውም።