ከድምፅ የሚዘገይ ጥይት

ኦይሊ የወተት መኪና ትነዳለች። ገና ሳይነጋ የመኪናዋ መብራት የወጥ ቤቴን መስኮት አብርቶ ሲያልፍ ነው እኔም ተነሥቼ እሳት የማነደው። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ ሌሎቹ ሾፌሮች ስልክ ደውለው ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ እሷ አካፋ ይዛ ትወርዳለች። ስለዚህ የሩስኮን ነገር ስትነግረኝ ተዪው አላልኳትም። የአተር ሾርባ ቀዳሁላትና አዳመጥኳት።

ሩስኮ ቀይ ፀጉር ያለው፣ ጆሮው የቆመ ውሻ ነው። ባለቤቱ አጎቷ አርቮ ይሁን እንጂ ከቡችላነቱ ጀምራ ያሠለጠነችው እሷ ናት። የሰፈራችን ውሾች ሥራቸው አንድ ነው። ሜትሶ የምንለውን ትልቁን ጥቁር የጥድ ጫካ ወፍ ዛፍ ላይ ሲያገኙት ከሥሩ ሆነው ይጮኹበታል። ወፉ ቁልቁል ውሻውን እያየ ሲበሳጭ፣ አዳኙ በጩኸቱ ተከልሎ ቀረብ ይልና ይተኩሳል። አምና አርቮ በትልቁ ጠመንጃው ከሩስኮ ራስ በላይ ተኮሰ። ሩስኮ ጅራቱን ቀብሮ ሮጠና ከሳውናው፣ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ ወለል ሥር ገባ። ሥጋ ቢያሳዩት፣ ቢለማመጡትም አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲህ በር ሲንጓጓ እንኳ ይንቀጠቀጣል።

ተኩስ የሚያስበረግገው ውሻ እኛ ዘንድ አይከርምም። አርቮ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ አባቱም አያቱም እንደዚያው ነበሩ። እዚሁ ማዕዴ ላይ ነው የተነጋገሩት።

«አስረሽ ልታኖሪው ነው?» አላት። «ወፍ ሊያድን የተወለደ ውሻ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲጮህ ይኑር? ያ ከመሞት በምን ይሻላል?»

«አንድ የአደን ወቅት ስጠኝ፣ አጎቴ።»

«ምን ልታደርጊ? ጆሮውን በጥጥ ልትደፍኚለት?»

«ጠመንጃውን ነው ዝም የማሰኘው።»

ሳቀባት፤ ግን እሺ አለ። የወፍ አደን እስኪዘጋ ጊዜ ሰጣት። ሩስኮ ተኩስ ሰምቶ ከዛፉ ሥር ካልሸሸ ይቆያል። ከሸሸ ደግሞ አርቮ ራሱ ጫካ ወስዶ ይገላግለዋል።

መጀመሪያ አፈሙዙ ላይ ድምፅ ማፈኛ አስገጠመች። ከጎኗ ለቆመ ሰው ተኩሱ ከሳል አይበልጥም ነበር። ሩስኮን ከኢላማው አጠገብ አስራ ስትተኩስ ግን ገመዱን በጥሶ ጠፋ። አርቮ ያን ጊዜ ነገሩ ያለቀ መሰለው። እሷ ግን ሌላ ነገር አሰበች። ውሻው የሚቀመጠው ተኳሹ ጋ አይደለም፤ ጥይቱ ከውሻው ራስ በላይ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በአሮጌው የተኩስ ሜዳ፣ ከኢላማው ሥር ባለው፣ ውጤት ጠቋሚዎች በሚከለሉበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ ተቀመጠችና አጎቷን ከላይ እንዲተኩስ አደረገችው።

ጉድጓዱ ውስጥ የሰማችውን በእጇ እያጨበጨበች አሳየችኝ። ከአናቷ በላይ ጅራፍ የጮኸ ነው የመሰላት። አርቮ ቆሞ በሚተኩስበት ግን ምንም አልተሰማም። ጥይት ከድምፅ ቀድሞ ሲሮጥ አየሩን ይሰነጥቀዋል፤ ያንን ደግሞ ማፈኛ አያፍነውም።

«እማማ፣ ያ ሚስኪን እኮ ያበደ አይደለም» አለችኝ። «እኔ ራሴ ልሮጥ ምንም አልቀረኝ።»

እንግዲህ ከድምፅ የሚዘገይ ጥይት መፈለግ ነበረባት። በከተማው የጠመንጃ ሱቅ ያለው ሰውዬ ትንሿን የጥንቸል ጥይት አሳያት፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ዝግ ያለች ናት። ግን ቀላል ናት፤ እንደ ሜትሶ ያለ ትልቅ ወፍ አቁስላ ትሰደዋለች፤ ወፉም ርቆ ሄዶ ይሞታል። ኦይሊ ይህን አልፈለገችም። የራሷ የትልቅ አውሬ ጠመንጃ ደግሞ ቀለሁ ረጅም ነው፤ ለዝግታ የሚበቃው ጥቂት ባሩድ ውስጡ ወዲያና ወዲህ ስለሚል ፍጥነቱ አንድ ዓይነት አይሆንም። በመጨረሻ የክላሽ ጥይት የሚጎርስ፣ ግን አንድ ባንድ የሚያጎርሱት ያገለገለ የአደን ጠመንጃ መረጠች። ቀለሁ አጭርና ወፍራም ነው፤ አረሩም ከባድ ሊሆን ይችላል። ፍጥነት ሲጎድል ክብደት ማካካስ አለበት።

ጠመንጃው ላይ በሚገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽርም ተከራከሩ። ሰውዬው በጣም የሚያቀርበውን፣ እንደ ጠርሙስ የረዘመውን ሊሸጥላት ፈለገ። ይዛው በሩ ላይ ቆመችና መንገድ ማዶ ዛፍ ላይ ያለ ቁራ ፈለገች። ቅርንጫፍ ብቻ ነው የታያት፤ ቁራውን ሳታገኘው በረረ። ጫካ ውስጥ ደግሞ ወፉ ቅርብ ነው፤ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ብርሃኑም ጥቂት ነው። ስለዚህ ብዙ የማያቀርበውን፣ ሰፋ አድርጎ በደንብ አብርቶ የሚያሳየውን ወሰደች። ውስጡ ካለው የማነጣጠሪያ መስቀል ሥር ትንንሽ ምልክቶች አሉት። ዝግ ያለ ጥይት ቶሎ ይወድቃል፤ ሃምሳ ሜትር ላይ ልክ ካደረጉት ሰማንያ ላይ አንድ ጋት ዝቅ ይላል። ምልክቶቹ ለዚያ ናቸው።

ጥይቱንም ባሩዱን እየለካች ራሷ ቤቷ ሞላች። ነሐሴ ላይ ሠራ። ሩስኮን ጉድጓዱ ውስጥ አቅፋው ተቀመጠች፤ አርቮ ተኮሰ። ውሻው ጆሮውን አቅንቶ ኢላማው ላይ የተሰማውን «ጧ» አዳመጠና የእጇን ቋሊማ መብላቱን ቀጠለ። በሳምንት በሳምንት ደጋገሙት። በግቢዬ አጥር ባለፈች ቁጥር ጥሩምባ ትነፋልኝ ጀመር።

ጥቅምት ላይ አመዳይ በወረደበት ማለዳ ሩስኮ የመጀመሪያውን ሜትሶ ዛፍ ላይ አቆመ። ኦይሊ ጥይቶቿን በደረት ኪሷ ሙቀት ይዛ ቀረበች፣ ተኮሰች፤ ወፉ ወደቀ። ጅራፉም ጮኸ። ሩስኮ እንደ አምናው ሮጠ።

ወፉን አንጠልጥላ ስትመለስ በመስኮት አየኋት። በኩራት የሚመለስ ሰው አረማመድ አልነበረም። አርቮ ደጃፏ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ አልሳቀባትም።

«በቃሽ፣ ልጄ» አላት። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እኔው ልጨርሰው።»

«አደኑ ሲዘጋ ነው ያልከው።»

«አልኩ።»

«አልተዘጋም።»

ለሁለት ሌሊት መብራቷ አልጠፋም። ስሕተቷን በሦስተኛው ቀን ነገረችኝ። ብርታት እንዳያንሰው ብላ ጥይቱን ከድምፅ ፍጥነት በጥቂት ብቻ አሳንሳ ነበር የሞላችው። ብርድ ሲሆን ግን ድምፅ ራሱ ይዘገያል። የደረቷ ሙቀት ደግሞ ባሩዱን አነቃው። ይህ በጥይት መሙያው መመሪያ ላይ ተጽፏል። አንብባዋለች፤ ሞቃት ቀን ላይ ስላነበበችው ለእሷ የተጻፈ አልመሰላትም።

ባሩዱን ቀነሰች። ከልክ በላይ እንዳትቀንስ ደግሞ ፈራች፤ ሲበዛ ያነሰ እንደሆነ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚተኮሰውም ጠመንጃውን ያፈነዳዋል። በየተኩሱ የጠመንጃውን አፍ በብርሃን እያየች በውርጭ ሞከረች፤ ጥይቶቹንም ደጅ አሳደረቻቸው። ጅራፉ ሲጠፋ ቆመች። አሁን ጥይቱ ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ስለሚወድቅ ከሃምሳ ሜትር አልፋ ላትተኩስ ለራሷ ቃል ገባች። አርቮ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። አመዳዩ እግር ሥር እየተንኮሻኮሸ ሜትሶን ሃምሳ ሜትር የቀረበው ሰው እንደማያውቅ ነገራት።

«ሩስኮ በደንብ ከጮኸ እቀርባለሁ» አለችው።

«ሊጮህልሽ?»

እሱን እሷም አላወቀችም። በጥይት ጅራፍ ሦስት ጊዜ የተገረፈ ውሻ ነው።

የአደኑ መዝጊያ ሳምንት አርቮ አብሯት ወጣ፤ ፍርዱን በዓይኑ ሊያይ። የሆነውን የነገረኝም እሱ ነው። ሩስኮ ረጅም ሰዓት ከእግሯ ሥር አልራቀም። ኋላ ነፋሱ ሽታ ሲያመጣለት ሄደ፤ ከረግረጉ ማዶም ጩኸቱ ተሰማ፤ መጀመሪያ እየተቆራረጠ፣ ቀጥሎ ሳያቋርጥ። ኦይሊ በሆዷ ተሳበች። ሲጮህ ትንቀሳቀሳለች፣ ትንፋሽ ሲወስድ ትቆማለች። ልብሷ በውሃ ተነከረ። አርቮ ከኋላዋ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ከአንድ ጉቶ አጠገብ ቀረ።

ከዚያ ብዙ ጠበቀ። ወፉ እዚያው ነበር፤ ውሻው ይጮሃል። ተስፋ ቆርጦ ሊነሣ ሲል ከወፉ እግር ሥር የዛፍ ቅርፊት ብን ሲል አየ። ጥይቷ ዝቅ ብላ ስታለች። ሜትሶው አንገቱን አዘንብሎ ቅርንጫፉን አየና እንደገና ወደ ውሻው ዞረ። ሩስኮም አንድ ጊዜ እንኳ አላቋረጠም።

አርቮ ሹክ አላት፦ «ተኮስሽ እንዴ?»

እሷ ሁለተኛውን ጥይት አጉርሳለች። ቃታውን ልትስብ ትንፋሿን ይዛ ነበር፤ በዚህኛው ትንሽ ከፍ አድርጋ ይዛለች። ወፉ ክንፉን ሳይዘረጋ ቅርንጫፍ እየመታ ወረደ። ሩስኮ በፊቱ ዱብ ሲልበት ደንግጦ አንድ ጊዜ ዘለለና ተመልሶ ላባውን ነከሰ። እንደ ደንባችን ትንሽ እንዲነጨው ተዉለት።

ኦይሊ ከተኛችበት አልተነሣችም። ፊቷን እርጥቡ ሣር ውስጥ ቀብራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር ይላል አርቮ፤ ብርድ ይሁን ሌላ ነገር እሱ አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። አጎንብሶ ክንዷን ይዞ አነሣት።

«ይክረም» አላት። «አንቺ ጋ ይክረም።»