ሞተረኛው ለቅሶ ሲሄድ ውኃው እንዳይቆም

ማክሰኞ፣ ማለዳ

ላምበረት መናኸሪያ የደረስኩት ጎህ ሲቀድ ነው። "ሸዋ ሮቢት የሞላ! አንድ ሰው!" የሚለው ድምፅ ጎትቶ አስገባኝና ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ።

"እዚያ ሙቀት ውስጥ ምን ሥራ አለሽ?" አለኝ ሾፌሩ፣ ከተማውን ስንለቅ።

"የውኃ ሠራተኞች ላሠለጥን ነው። አንድ ሰው ሲጎድል ሥራው እንዳይቆም።"

"እኔ ከጎደልኩማ ይሄ መኪና የትም አይሄድ" ብሎ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ለፍተሻ ወርደን ቆምን፤ መታወቂያ አሳየን፤ ተሳፈርን። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጉም ነበር፤ ስንወጣም ጉም ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በወረቀት ገዛሁ፤ ሻጯ ጭማሪ አንድ እፍኝ ጣል አደረገችልኝ። ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። በየኩርባው አንድ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሁላችንም በሸሚዝ ቀርተናል፤ ከመንገዱ ዳር ሽንኩርት በጆንያ፣ ፓፓያ በክምር፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ፊት ላይ የሚጋረፍ ወበቅ።

የምሄድበት ከዚያ ወጣ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የሰው ሐዘን ያለበት ወግ ስለሆነ ስሟን ልተወው። በባጃጅ፣ በማሽላ ማሳ መሀል አቋርጬ ገባሁ።

ረቡዕ

ሥልጠናው የውኃ ፓምፑ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ሠራተኞቹ ከአሥር አይበልጡም። "ከመሀላችሁ ማን ቢቀር ነው ውኃው የሚቆመው?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ዞረው አንድ ሰው አዩ፦ ጋሼ መኩሪያን፣ ሞተረኛውን። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን አስነስተው ፓምፑን የሚያንቀሳቅሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

"ሲያምዎትስ?" አልኳቸው።

"ወባ ሲይዘኝ ተኝቼ በስልክ አዛለሁ" አሉኝ፣ ኩራትም ድካምም ባለበት ድምፅ።

እኔ ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት ሥልጠና ስለ እሳት፣ ስለ ጎርፍና ስለ መብራት መጥፋት ነው። ያንኑ ስተነትን ሒሳብ ሰብሳቢዋ እትዬ ዘነበች እጃቸውን አወጡ።

"እሳቱም ጎርፉም ይሁን፤ ለቅሶ ቢመጣስ? እኛ ዘንድ ቢሮ የሚያስዘጋው ለቅሶ ነው። ቀብር የቀረ ሰው ደግሞ ዓይኑን ለማንም አያሳይ።"

ሳቅ ሆነ። ነገሩ ግን እውነት ነው። ወረቀቴን አጠፍኩና "እንግዲያው ሞተሩ ዘንድ እንሂድ" አልኩ።

ጋሼ መኩሪያ አልወደዱትም። "ሥራዬን ልትቀሙኝ ነው?" አሉ።

"የለም ጋሼ" አሉ እትዬ ዘነበች፤ "እረፍት ልንሰጥዎት ነው።"

ጥቂት አጉረመረሙ። ከጀመሩ በኋላ ግን ማን ያስቁማቸው! የቧንቧ ጠጋኙ ሰይድ ጄኔሬተሩን፣ እትዬ ዘነበች ውኃውን የሚቀንሰውንና የሚጨምረውን የመስመሩን ቫልቭ ያዙ። "ቫልቩን ሳትቀንሱ ፓምፑን አታስነሱ፤ መስመሩ አሮጌ ነው፣ ይፈነዳል!" እያሉ ጋሼ መኩሪያ ደጋግመው አለማመዷቸው፤ አስነሱ፣ አጠፉ፣ አስነሱ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እትዬ ዘነበች ቀሚሳቸው ግሪስ በግሪስ ሆኖ ነበር።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ቁርስ ላይ እያለሁ ኡኡታ ሰማሁ። የጋሼ መኩሪያ እናት ቀወት ገጠር ውስጥ ሌሊቱን አርፈዋል። ፓምፑ ግቢ ደርሼ ሳያቸው ባጃጅ ላይ ሊወጡ ነው፤ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። እያለቀሱ ወደ ሞተር ቤቱ ይዞራሉ፤ አንድ እግራቸው ባጃጁ ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ።

"ይሂዱ ጋሼ" አላቸው ሰይድ። "አላህ ያጽናዎት። እኛ አለን።"

ቀሪው ሠራተኛ ደግሞ ሁሉም ቀብር ልሂድ አለ። ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በመጨረሻ እትዬ ዘነበች ቆረጡት፦ ግማሹ ለቀብር ይሄዳል፤ እሳቸውና ሰይድ ቆይተው፣ ሌላው ሲመለስ ድንኳን ይደርሳሉ። እኔም ከሚቆዩት ጋር ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ቀትር

መብራት ሄደ።

በዚያ ሙቀት ጤና ጣቢያውም ሆቴሉም ቤቱም ከዚያች ፓምፕ ይጠጣል። ሰይድ ቁልፉን አዞረ፤ ጄኔሬተሩ አጉረመረመና ሞተ። ደገመው፤ ሞተ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። የውኃ ቢሮው ኃላፊ ቀብር ከሄዱት ጋር ስላልነበረ እየሮጠ መጣ። "ለጋሼ ይደወልላቸው! ጥያቄው አንድ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም!" ስልኩን አውጥቷል።

እትዬ ዘነበች እጁን ያዙት። "አሁን አፈር እየለበሱ ነው እናታቸው። አይደረግም፣ ልጄ።"

እውነቱን ለመናገር እኔ ልቤ ከኃላፊው ጋር ነበር። የኔ ሥልጠና ፊቴ ላይ ሊወድቅ ነው ብዬ አፈርኩም፣ ፈራሁም።

"ሰይዶ፣ ቆይ፤ ትናንት ከምን ጀመርን? ከመጀመሪያው በለው" አሉት እትዬ ዘነበች። ሰይድ ዓይኑን ጨፍኖ በቃሉ ይቆጥር ጀመር፦ ዘይት፣ ውኃ፣ ነዳጅ... ዓይኑን ገለጠ። ጎንበስ ብሎ ከነዳጅ ጋኑ ሥር ያለችውን መክፈቻ አየ። ዝግ ናት። ሳይከፍት ነው ለካ!

ከፈታት። ቁልፉን አዞረ። ጄኔሬተሩ ጥቁር ጭስ ተፋና ያዘ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ዘነበች ቫልቩን ቀንሰው ጠበቁ፤ ፓምፑ ሲነሳ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ከፈቱ። መስመሩ አቃሰተ እንጂ አልፈነዳም። ከጤና ጣቢያው "መጣ!" ተብሎ ሲደወል ሰይድ የሞተር ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ አመሻሽ

የቀብሩ ሰዎች ተመልሰው ሲተኩን በባጃጅ ወደ ድንኳኑ ሄድን። ጋሼ መኩሪያ እኛን ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ውኃውስ?"

"አለ" አለ ሰይድ። "መብራት ቀትር ላይ ሄዶ ነበር።"

"ማን አስነሳው?"

"እኛ።"

"ታዲያ ሳትደውሉልኝ?"

"ለምን ብለን ጋሼ?" አሉ እትዬ ዘነበች።

ሰውየው ሁለቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። ትከሻቸው ወረደ። "እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው እናቴን ላልቅሳት" ብለው ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ዓርብ

ከመሳፈሬ በፊት ልሰናበት ብዬ ፓምፑ ግቢ ገባሁ። የሞተረኛው ወንበር ላይ እትዬ ዘነበች ተቀምጠዋል። ስልካቸው ጮኸ፤ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። እትዬ ዘነበች "እሺ... እሺ... አይ፣ አያስቡ" እያሉ ሲያወሩ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ።

"ስለ ሞተሩ ምን አሉ?" አልኳቸው ስልኩን ሲዘጉ።

"ስለ ሞተሩማ ምንም። ለሠልስቱ ንፍሮ ማን እንደሚያመጣ ነው የጠየቁኝ።"

ሸዋ ሮቢት ላይ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። የመጨረሻውን ወንበር አገኘሁና ጭንቅላቴን መስታወቱ ላይ ጣል አድርጌ ተኛሁ። ስነቃ ደብረ ሲናን አልፈናል፤ ሰው ሁሉ ሹራቡን መልሶ ለብሷል።