ምጥን ያልደበቁኝ አክስቴ

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ጎረቤቶቼ ምጥን «ትንሽ ቁርጠት ነው» ይሉኝ ነበር። ጎጃም በረንዳ ማር ይሸጡ የነበሩት አክስቴ ግን ለማንም ነፍሰ ጡር አይዋሹም። «ከወገብሽ ይነሳል፤ ዞሮ ሆድሽን እንደ ድንጋይ ያደርቀዋል። ከዚያ ይለቅሻል። ሲለቅሽ ተንፍሺ» አሉኝ።

እንዳሉት ሆነ። በየምጡ መሃል ወገቤን በመዳፋቸው እየተጫኑ አብረውኝ ተነፈሱ። ልጄ በሰላም ሲወለድ አቀፉት።

«ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም» አሉ ቆይተው። «ቁርጠት መስሎኝ ሁለት ቀን ገበያ ዋልኩ። ልጄ ሆዴ ውስጥ ሞተች።»

ሌላ አልወለዱም።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ሱቃቸው እንደተዘጋ ነው። ለቅሶ ላይ አንዲት ሴትዮ «ልጅ ነበራቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው» አልኳት።