የየሺ የሠርግ መኪና ባሌስትራ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ባሌስትራ ሲቀጠቀጥ አይቼ ቆምኩ። መኪናን ከኋላ የሚሸከመው ያ ተደራራቢ ብረት ነው። ይኸው በዚህ ዕድሜዬም ድምፁ ያናድደኛል።

አጎቴ፣ መንገድ ሲሠራ ከነበረ የውጭ ሰው የገዛት ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችው። ስታምር! ግን የኋላ ባሌስትራዋ ረግቦ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር። ታናሽ እህቴ የሺ ደግሞ ለደጀን ከተማ ልጅ ታጨች። ሙሽራው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዘመዶቹም ያው። የሺ ታዲያ፣ "እንደ ኩንታል በጭነት መኪና ተጭኜ አልሄድም፤ በአጎቴ መኪና ካልሆነ ሠርጉ ይቅር!" አለች። "ለኔ ተዪው" አልኳት። ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ነው፤ ካለፈ እስከ ፋሲካ የለም።

ባሌስትራ የሚሠሩት ጋሽ አየነው ነበሩ። በአሥራ ዘጠኝ ብሄድ፣ "ገብርኤል ነው፣ ብረት አይመታም" አሉኝ። በሃያ አንድ ማርያም። በሃያ ሦስት ጊዮርጊስ። በመሐል ባሉት ቀናትስ? አንዱን ለቅሶ፣ አንዱን ማኅበር። ማኅበሩ ድረስ ሄጄ ልጨቀጭቃቸው ብል ዳቦና ጠላ ቀረበልኝ፤ በንዴት ላይ ጥጋብ ተጨምሮብኝ ተመለስኩ።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው መኪናዋን በክሪክ አንሥተው ሥሯ ገቡ።

"ልጄ፣ ለዚች መኪና ስስ ብረት ከአዲስ አበባ ብናስመጣ ይሻላል። እኔ ጋ ያለው የጭነት መኪና ነው፤ ይደርቅባችኋል።"

"ጋሽ አየነው፣ የፈለገው ይሁን! እሱኑ ይምቱትና ብቻ ይጨርሱልኝ!"

እሱኑ መቱት። ቅዳሜ ስረከባት ኋላዋ ሽቅብ ተሰቅሏል። ነድቼ እንኳ አልሞከርኳትም።

እሑድ ሙሽራው መሪ ጨበጠ፤ የሺ አጠገቡ ተቀመጠች። እኛ በዘመዶቹ የጭነት መኪና ተከተልን፤ ለጎጆ መውጫ የተሰጣቸው ጤፍም እዚያው ተጭኗል። ጋሽ አየነውም ተጠርተው ነበርና አብረውን ናቸው። ከከተማው ወጥተን ኮረኮንቹን እንደጀመርን፣ በየጉድጓዱ የሺ ከነቬሎዋ ከወንበሯ ትዘል ጀመር። ሙሽራው አቆመ። ወርዶ የኋላውን በእጁ ተጫነና፣ "ይቺ ጭነት ነው የምትፈልገው" አለ፤ ሹፌር አይደል! አንድ ኩንታል ጤፍ ከሙሽሪት ጀርባ ተጫነ። መኪናዋ ረጋች። የሺ ግን ከኩንታል ጋር መጫኗ አንገብግቧት አለቀሰች።

"ማነው እንዲህ አድርጎ የሠራት?"

እኔ ጫማዬን አየሁ። ጋሽ አየነው ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱ።

"እኔ ነኝ የኔ ልጅ። አላወቅሁበትም፤ ይቅር በይኝ።"

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አልተናገርኩም።

ጋሽ አየነው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ። የሺ ዛሬ አያት ናት፤ ሠርጓ በተነሣ ቁጥር "ያ ሥራ የማያውቅ ሰውዬ" ትላለች። ከጋራዡ ተመልሼ ስደውልላትም ያንኑ ጀመረች። እኔም ስንት ዓመት በበዓላቸውና በማኅበራቸው ሳማቸው ኖሬያለሁ፤ እሳቸው ግን ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት።

"የሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ። አጎቴ ከጋራዡ ሰምቶ ያኔውኑ ነግሮኛል። እሳቸውን የምሰድበው፣ አንተ አንድ ቀን 'ተዪያቸው' ትላለህ ብዬ ነበር።"

ስልኩን ዘጋሁ። ለእሷ ነገርኳት፤ መስማት የነበረባቸው ግን እሳቸው ነበሩ።