ስለት ገብቼ የሰማኋቸው አልበሞች

ሙዚቃ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሥራዬ ጠባይ የተነሳ ነው። ቢቸና ውስጥ የችሎት ጸሐፊ ነኝ፤ እኛ ጋ ምስክር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ማንነቱንና ከተከራካሪዎቹ ጋር ያለውን ዝምድና ያስመዘግባል። የእኔና የሙዚቃ ዝምድና የሩቅ ነው። ኖታ አላነብም፣ ክራር አልመታም፣ ሠርግ ቤት እስክስታ ልውረድ ብዬ ስነሳ ሰው ይስቃል። ሸሚዝ እየተኮስኩ ወይም ሽንኩርት እየላጥኩ የተከፈተውን የምሰማ ሰው ነኝ።

አልበም የሚባል ነገር ከዳር እስከ ዳር መስማት የጀመርነው በአንድ ፍላሽ ነው። አጠገባችን ተከራይቶ የነበረ የፊዚክስ መምህር ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ለባለቤቴ ሰጥቷት ሄደ። ውስጡ አርባ ፎልደር አለ። ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል እንጂ ስም የላቸውም፤ ማን እንደዘፈነው፣ በየትኛው አገር እንደተቀረጸ የሚነግረን አልነበረም። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ አንዱን ከፍተን እስኪያልቅ እንሰማለን። መዝለል ክልክል ነው። ይህን ሕግ ያወጣችው እሷ ናት።

ቁጥር ዘጠኝ ላይ አንድ ድምፀ ወፍራም ፈረንጅ በጊታር ያጉረመርማል። እንግሊዝኛውን ግማሹን አልያዝኩትም፤ በሬው የሞተበት ገበሬ ነው ብዬ ደመደምኩ። እሷ ደግሞ «ሚስቱ ጥላው ሄዳ ነው» አለች። እስከ ማታ ተከራከርን። ቁጥር አሥራ ሰባት ጊታር የሚጮህበት ነው፤ የአከራያችን ሚስት ወፍጮ የተከልን መስሏቸው መጥተው ጠይቀውናል። ቁጥር ሃያ ሁለት ፒያኖ ብቻ ነው። ሰውዬው መሃል ላይ እጁን አንስቶ ዝም ይላል፣ እኔ ኮምፒውተሩ የቆመ እየመሰለኝ እነሳለሁ፣ ገና ሳልደርስ ይጀምራል። አሁንም ድረስ ያ ሰውዬ ያናድደኛል። ቁጥር አሥራ አንድ የኛው አገር ነው። ድሮ በባንድ የተቀዳ፣ ሳክስፎኑና ጡሩምባው እየተቀባበሉ የሚሄዱበት፣ ዘፋኙ አየር ሲስብ እንኳ የሚሰማበት። እሱ ሲከፈት ባለቤቴ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ትቀመጣለች።

ባለፈው ዓመት በሰባተኛ ወሯ አንድ ልጅ አጣን። ስለዚህ ዳግመኛ ስታረግዝ ደስታውን ፈራሁት። በአምስተኛው ወር ደም ሲታያት ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሺ አላት፤ እናቷ ከሞጣ መጥተው ይዘዋት ሄዱ። እኔ ቢቸና ቀረሁ። እሑዳችንን ግን አልተውነውም። የፍላሹን ቅጂ ይዛ ስለሄደች ትደውልልኛለች፣ ቁጥሩን እንስማማለን፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን እኩል እንከፍታለን። ስልኩን አንዘጋውም። የእሷ ከእኔ ትንሽ ስለሚቀድም ከበሮው ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ቢሆንም እስኪያልቅ እንሰማው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ለተዘዋዋሪ ችሎት መርጡለ ማርያም ሄድን። ያን ቀን ጠዋት አማቴ ደውለው ደሙ እንደገና መታየቱን ነግረውኛል። ችሎቱ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገብቼ ቆምኩ። ሰው ጥላ ይሳላል፣ ምንጣፍ ይሳላል፣ መጋረጃ ይሳላል። እኔ የሚያመኝን ነገር ልስጥ ብዬ አሰብኩ። «እመቤቴ፣ እሷንም ልጁንም በሰላም ካገላገልሽልኝ፣ እስከዚያ ዘፈን ጆሮዬ አይገባም» አልኩ። ለራሴ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

እሑድ ሲደርስ ደወለች። «ዛሬ ስንት ቁጥር ነው?» አለችኝ። የስልኬ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቷል አልኳት። ስለት ሳይደርስ ሲያወሩት ይረክሳል የሚል ነገር ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ማን እንዳለኝ አላስታውስም፤ ማመኑን ግን አመንኩት። በሚቀጥለው እሑድ ሥራ በዝቶብኛል አልኩ። በሦስተኛው «አሁን ዘፈን ምን ያደርጋል?» ብዬ ቆጣ አልኩባት። ከዚያ በኋላ ስለ ዘፈን መጠየቅ ተወች። እኔም ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

እንዲህ ሆነን አራት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት አማቴ ደወሉ። «ምጥ ይዟታል፣ ሆስፒታል ገብተናል፣ ቶሎ ና» አሉኝና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር አልሠራም። አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የሞጣ ሚኒባስ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር፤ ከሾፌሩ ጀርባ ገባሁ። አጠገቤ ሰዉ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ የሞጣ ነጋዴ ተቀምጠዋል።

ሾፌሩ ሸበቶ ነው። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ፍላሽ ሰካ። በአራት ወር ውስጥ የሻይ ቤት ራዲዮ እየሸሸሁ፣ ሠርግ እየቀረሁ፣ እዚህ ደርሻለሁ፤ አሁን በመጨረሻዋ ሰዓት ልፈርስ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሙዚቃውን ቢያጠፉልኝ» አልኩ።

በመስታወቱ አየኝ። «ምነው፣ ሐዘን ላይ ነህ እንዴ?»

አዎ ብል ነገሩ አለቀ። ሐዘንተኛ ተቀምጦ ማን ዘፈን ይከፍታል? ነፍስ ይማር ብሎ ያጠፋልኛል፣ ተሳፋሪውም ከንፈሩን ይመጥልኛል። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሚስቴ ምጥ ላይ ሆና እኔ በገዛ አፌ ሐዘን ልጥራ?

«የለም፣ የለም! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ራሴን ትንሽ አሞኝ ነው።»

«እንግዲያ ይሄ ይሻልሃል» አለና ድምፁን ጨመረ። «ደግሞ እኔ ከጀመርኩ አላቋርጥም። አልበም እስኪያልቅ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሰው አቅፌ እስመው ነበር።

ሶፍት ጠቅልዬ ሁለቱንም ጆሮዬን ደፈንኩ። የመጀመሪያው ሬጌ ነበር። ሬጌ ግን በጆሮ ብቻ አይመጣም፤ ቤዙ ከወንበሩ ሥር ተነስቶ በጎድን በኩል ይገባል። እቤት በትንሿ ኮምፒውተር ስንሰማ እንዲህ ያለ ቤዝ እንዳለው አላውቅም ነበር። ዘፋኙ አይቸኩልም፣ ጊታሩም ትንሽ ቆየት ብሎ ነው ጠብ የሚለው። ችግሩ ሾፌሩም በዚያው ልክ መንዳቱ ነው። ዳገቱን ስንወጣ በሬጌ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ በሬጌ። ያ ወፍጮ ያስመሰለን ጊታር በተከፈተና በበረርን ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደነገጥኩ። በስለት ላይ ያለ ሰው ዘፈን ያማርጣል?

ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ወርዶ ሰው ሲሳፈር አልበሙ አለቀ፤ ሌላ ተከፈተ። ያ ድምፀ ወፍራም ፈረንጅ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ወንድሙ ግን ይሆናል። ተመሳሳይ ጊታር፣ ተመሳሳይ ማጉረምረም። ሶፍቱ አላዳነኝም። መስኮት መስኮቱን እያየሁ እንግሊዝኛው አንዳንድ ቃል ሲገባኝ፣ ሰውዬው ባዶ ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ተረዳሁ። በሬ የለም። ሚስቱ ናት የሌለችው። እሷ ልክ ነበረች። እንባዬ መጣ፣ ፈራሁም፣ ይህን ዛሬ የምሰማው ለምንድን ነው አልኩ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሃል?» አሉኝ ሐጂ።

መቻል አቃተኝ። ባለቤቴ ምጥ ላይ መሆኗን፣ ዘፈን ላልሰማ መሳሌን በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ለአራት ወር ከእናቴ እንኳ የደበቅኩትን ለማላውቃቸው ሰው ተናገርኩ።

«ጆሮ መዝጊያ የለው፣ ምን ታደርግ?» አሉ። «አንተ አልከፈትከው። አላህ በሰላም ይገላግልልህ።» ከዚያም ሾፌሩን «ኧረ ቀነስ አድርገው፣ እኛም እናውራበት!» አሉልኝ። ቀነሰ። እንዲያውም ይብስ ጆሮዬን አቆምኩ።

መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ወረድን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተሰለፍን። የመኪናው በር ክፍት ነው፣ ሦስተኛው አልበም እየተጫወተ ነው፤ ፒያኖ። ቃል የለውም። እኔ የተሳልኩት ዘፈን ላልሰማ ነው፣ ቃል የሌለው ደግሞ ዘፈን አይደለም ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። ጠበቃውም ዳኛውም እኔ ስለሆንኩ ችሎቱ አልረዘመም። ፒያኒስቱም እንደዚያኛው እጁን ያነሳል። ዝም ባለ ቁጥር የሰልፉን ሰው ጉሮሮ፣ የወታደሩን ጫማ፣ የራሴን ልብ እሰማለሁ። አንድ ጊዜ ዝምታው ሲረዝምብኝ፣ ካልጀመረ እሷ አልተረፈችም ብዬ አሰብኩ። ጀመረ። እንዲህ ያለ ውርርድ ውስጥ የሚገባ የተማረ ሰው ነኝ።

ግንደወይንን እንዳለፍን ቁጥር አሥራ አንድ ተከፈተ።

ሌላ አይደለም፣ ራሱ ነው። ሳክስፎኑ ገና አንድ ሲል አወቅሁት። በዚያ መኪና ውስጥ አራት ወር ሙሉ የራቀኝ ቤቴ መጣ። የመስኮታችን መጋረጃ፣ እጇ ላይ የቀረው የሽንኩርት ሽታ፣ ዝም ስትል አንገቷን የምታዘነብልበት ሁኔታ ሁሉ መጣ። ናፈቀችኝ። በጣም ናፈቀችኝ። ሶፍቱን ከጆሮዬ አወጣሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ ሆን ብዬ ነው። ጡሩምባው ሲቀበል፣ ዘፋኙ አየር ሲስብ፣ ተቀጥቶ የማያውቅ ልጅ ይመስል እግሬ ወለሉን ይመታ ነበር።

ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ኔትወርክ ገብቶ ነው። ዘጠኝ ያልተመለሰ ጥሪ፣ ሁሉም ከአማቴ ስልክ።

ገደልኳት አልኩ። ቃል በቃል ያልኩት ይህን ነው፤ ሐጂ እጄን ያዙኝ። ብደውል ማግኘት አይቻልም ትለኛለች በስልኩ የተቀረጸችው ሴትዮ። ደግሜ ብደውል፣ እንደዚያው። ዘፈኑ ቀጥሏል፤ አሁን አንዱም አይሰማኝም።

ሞጣ ስንደርስ ባጃጅ ይዤ ሆስፒታሉ በር ላይ ወረድኩ። አማቴ ግቢው ውስጥ ከአንድ ግንብ ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነጠላቸውን አየሁ፤ ጥለቱ ወዴት እንደዞረ። ወደ ታች ነው፣ እንደ ወትሮው። ያኔ ብቻ ቀና አልኩ።

«ተገላግላለች። ሴት ናት» አሉኝ። «እሷም ደህና ናት። አታልቅስ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?»

«ታዲያ ያን ሁሉ ምን ሆነው ደወሉልኝ?»

«እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት። ምጡ በበረታ ቁጥር ስልክሽን ስጪኝ ትለኛለች። ድምፁን ልስማ አለች።» ነጠላቸውን አስተካክለው ጨመሩ። «አንተ ልጅ፣ እኔ በሰው ትዳር አልገባም። ግን ያስከፋሃትን ነገር እዚያው ገብተህ ጨርሰው።»

ያስከፋኋት ነገር መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አስገቡኝ። ፊቷ ገርጥቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ልጅቷ በጋቢ ተጠቅልላ ክንዷ ላይ ናት። ግንባሯን ሳምኳት። አልሸሸችም፣ አልተጠጋችም።

«ዘጠኝ ጊዜ ደወልኩ» አለች።

«ኔትወርክ አልነበረም።»

«ለአራት ወር?»

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መርጡለ ማርያም መቆሜን፣ ድምፅ ማጉያው ምንም እንዳልሆነ፣ ያን ዕለት መቆጣቴ ከፍርሃት መሆኑን፣ በመንገድ የሰማኋቸውን አልበሞች በየተራ፣ የመጨረሻውን ሆን ብዬ መስማቴን ሳይቀር። ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። የልጅቷን ጣት እየቆጠረች ሰማችኝ።

«ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ስወልድ ነው የሚነግረኝ፣ እስክወልድ አዝኖልኝ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ እዚህ ስገባ ሞትን አልፈራሁም። ከዚህ የምወጣበትን ቀን ነው የፈራሁት።»

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው። ከምወደው ነገር ሁሉ የምወደውን ነው የሰጠሁት።»

ቀና ብላ አየችኝ። የቁጣ ፊት አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«አንተማ ሥራህ ነበረህ፣ ሰው ነበረህ፣ መንገድ ነበረህ» አለች። «እኔ ጣሪያ እያየሁ ነው የተኛሁት። ከሳምንት እስከ ሳምንት የነበረኝ ያቺ እሑድ ብቻ ናት። የተሳልከው የኔን ነው።»