የመጨረሻው አሥራ ሁለት ደቂቃ

ቢሻው ዳንግላ ተወልዶ እንጅባራ የኖረ ሰው ነው። አባቱ ጋሪ ነጂ ነበሩ፤ እሱ ግን ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ቪዲዮ ቤት ገባ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከዚያ አልወጣም። ሁሉም በየስልኩ ፊልም በሚያይበት ዘመን የእሱ ቤት ያልተዘጋው ፊልም ስለሚያሳይ ሳይሆን ስለሚናገር ነው። ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቆምና የካውቦይ ፊልም ይተረጉማል። ሸሪፉንና ዳኛውን በአማርኛ፣ ባላገሩን በአዊኛ ያናግራል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ሲጠየቅ፣ «አንተስ ቢሮ ስትገባ በምንድን ነው የምትናገረው?» ይላል።

በገበያ ቀን ከሰልና ድንች ሸጠው የሚገቡት ፈረሰኞች የቀርከሃውን አግዳሚ ይሞሉታል። እነሱ አስቀድመው የሚያዩት ፈረሱን ነው።

«ይኼ ሰውዬ ኮርቻ ላይ የተጫነ ጆንያ ነው» ይላል አንዱ።

«ተው እንጂ፣ ጆንያስ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል» ይላል ሌላው።

ቢሻው አብልጦ የሚወደው አንድ ሐሳብ ይዟቸው የጠፉ ሰዎችን ፊልም ነው። ከእነዚህ አንዱ ሽፋኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ስለለቀቀ ከተማው «ባለጠባሳው» ብሎ ይጠራዋል። አንድ ገበሬ ወንድሙን የገደለበትን ባለጠባሳ ሰው ዘጠኝ ዓመት ይፈልጋል። እርሻው ጦም ያድራል፤ ሚስቱ የላከችለትን ደብዳቤ ሳያነብ እሳት ውስጥ ይጥላል። በዘጠነኛው ዓመት ባለጠባሳው አርጅቶ፣ ጉድጓድ አፍ ላይ አህያ ሲያጠጣ ያገኘዋል፤ ይተኩሳል።

ከተኩሱ በኋላ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይቀራል፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ የሚናገር ሰው የለም። የሚናገር ከሌለ ደግሞ ለቢሻው የሚተረጎም የለም። በር ላይ የሁለተኛው ዙር ተመልካች ይጠብቃል። ስለዚህ ጥይቱ ሲጮህ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ «ደሙን መለሰ። በሰላም ቤቱ ገባ» ይልና ፊልሙን ያጠፋዋል። ሰው አጨብጭቦ ይወጣል። ለዓመታት እንዲህ ነበር።

ከዘንገና በኩል የሚመጣ ምህረቴ የሚባል ፈረሰኛ ነበር። አይቀልድም፣ አያጨበጭብም፤ የሚጠይቀው ይህን ፊልም ብቻ ነው። ወንድሙ አወቀ በድንበር ጠብ ከተገደለ ስምንት ዓመት ሆኖታል። እንግዳው የሚባለው ገዳዩ እስሩን ጨርሶ ወደ መንደሩ ተመልሷል። ቢሻው ይህን እንደ ማንም ሰው ሰምቷል፤ ከፊልሙ ጋር ግን አያይዞት አያውቅም።

አንድ ጠዋት ከደም አድራቂ ሽማግሌዎች አንዱ፣ አቶ ይሄይስ፣ ባዶው ቪዲዮ ቤት ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ቢሻው፣ ያንተ ፊልም ከእኛ በላይ ሽማግሌ ሆነብን» አሉ።

«እንዴት አባቴ?»

«ምህረቴ እርቁን እምቢ አለ። እንግዳው ድንጋይ ተሸክሞ እግርህ ሥር ይወድቃል ብንለው፣ ‹ያ ሰው ደሙን መልሶ በሰላም ቤቱ ገብቷል፤ እኔ ከእሱ በምን አንሳለሁ?› አለን። ለማርያም ቀጥረናል። ምህረቴ ካልመጣ እንግዳው ከዚያ ወዲያ ብዙ ገበያ የሚውል አይመስለኝም።»

ፊልሙ ውስጥ በሰላም ቤቱ ገባ የሚል ነገር የለም። ሰው ቶሎ እንዲወጣለት የጨመረው ራሱ ቢሻው ነው።

ከማርያም በፊት በነበረው ገበያ «ባለጠባሳውን» ከፈተ። ምህረቴ ከፊት ተቀምጧል። ጥይቱ ጮኸ፤ ሰው ተነሣ።

«ተቀመጡ፣ አላለቀም» አለ ቢሻው።

ሚስቱ እመቤት ከበሩ ብቅ አለች። «ኧረ ውጭ ያለውን ሰው ዝናብ እየመታው ነው!»

«ይምታው።»

ማይኩን አስቀመጠ። ፊልሙ ውስጥ ሰውየው ቤቱ ደረሰ። ጣሪያው ወድቋል፤ ሚስቱ የለችም። ከፈረሱ ሳይወርድ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረውና ሄደ። መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ እጁ ላላ። ፈረሱ ወዲህም ወዲያም አየ፤ የሚያዘው ሲያጣ አንገቱን ደፍቶ ሣር ይግጥ ጀመር። ሰውየው ከላዩ እንደተቀመጠ ፊልሙ አለቀ።

«ልጓሙን ለቀቀው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ። ማንም አላጨበጨበም።

ሁሉም ሲወጣ ምህረቴ ቀረ።

«ጋሼ ቢሻው፣ ይችን ሽማግሌዎቹ ናቸው ያስጨመሩዎት።»

«አንድ ቃል ተናግሬአለሁ?»

«አልተናገሩም።»

«የጨመርኩት ያኛውን ነው። ቤቱ ገባ ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ፊልሙ አላለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ምህረቴ የጠፋውን ቴሌቪዥን ብዙ አየው። «ሰው ነዎት እንዴ እርስዎ?» አለና ወጣ።

የማርያም ዕለት ቢሻው ቤቱን ዘግቶ ዘንገና ሄደ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። እንግዳው ጠፍጣፋ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ከጠዋት ጀምሮ ተንበርክኳል። ቀኑ ወደ ከሰዓት ሲያዘነብል ምህረቴ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ መጣ። ቢሻውን አላየውም፤ ቢያየውም ሰላም አላለውም። እንግዳው አጠገብ ደርሶ ቆመ። የምህረቴና የአወቀ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ምህረቴ ጠመንጃውን አውርዶ ለአጠገቡ ሰው ሰጠ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣ። ከገመተው በላይ ከባድ ነበር፤ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘው።

«አባቴ፣ የት ላስቀምጠው?» አለ።

«እዚያው መሬት ላይ፣ ልጄ» አሉት አቶ ይሄይስ።